ማርስ አይደለም፣ አልደባራን ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ማታ ማታ በምሥራቅ በኩል ደማቅ ብርቱካናማ ኮከብ ታያለሽ፤ ከአጠገቡም ትንንሽ ከዋክብት ተጠጋግተው ይታዩሻል። ማርስ ነው ወይስ ያ ይፈነዳል የሚባለው ኮከብ? ቴሌስኮፕስ ልግዛ? ነው ያልሽው። እንደ አገላለጽሽ ከሆነ አልደባራን ነው። ይሄን ኮከብ ከአሥር ዓመት በላይ ስከታተለው ስለቆየሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ እርግጠኛ ሁኚ። ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ መሀል ላይ የተደረደሩትን ሦስት ከዋክብት ታውቂያቸዋለሽ አይደል? መስመራቸውን በዓይንሽ በሁለቱም በኩል አስረዝሚው። አንደኛው ጫፍ ሲሪየስ ጋ ይወስድሻል፤ እሱ ነጭ ነው፣ ከከዋክብት ሁሉ ደማቁም እሱ ነው። በሌላው በኩል የምታገኚው አልደባራንን ነው። ትንሽ አለፍ ስትይ ደግሞ ሰባቱ ከዋክብት አሉ። ስሙም ከእነሱ የመጣ ነው። በዐረብኛ «ተከታይ» ማለት ነው፤ እነሱ ከወጡ ጥቂት ቆይቶ ስለሚወጣ።

ከማርስ ጋር ብታምታቺው አይገርምም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 መጨረሻ ማርስ አልደባራን ባለበት የከዋክብት ስብስብ፣ ሠውር (ታውረስ) ውስጥ፣ ከእሱ ብዙም ሳትርቅ ነበረች። ያኔ በየሳምንቱ ደብተር ላይ ቦታቸውን እሥል ነበር። ማርስ ወደ ኋላ ሄደች፣ ቆመች፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት መጣች። አልደባራን ግን ንቅንቅ አላለም። አንቺም ሦስት ሳምንት ብቻ እንደዚህ ብትሥዪ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግሽም።

ቀለሙ የሙቀት ጉዳይ ነው። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን የአልደባራን 3,600 አካባቢ ነው። ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲብስበት ወደ ነጭ ይሄዳል፤ ከዋክብትም እንደዚያው ናቸው። ቀዝቀዝ ቢልም ግን ግዙፍ ነው፤ ወርዱ የፀሐይን 44 ጊዜ ያህላል። ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። ክብደቱ ከፀሐይ ብዙም አይበልጥም፤ እንደ እሷ ዓይነት ኮከብ ነበር። መሀሉ ላይ ያለው ሃይድሮጅን አለቀበት። አሁን የሚነደው በመሀሉ ዙሪያ ያለው ነው፤ በዚህ የተነሳ አካሉ አበጠ፣ ገጹም ቀዘቀዘ። የኛ ፀሐይም ከቢሊዮኖች ዓመታት በኋላ እዚሁ ትደርሳለች። እኔ በበኩሌ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ያቺን ብርቱካናማ ነጥብ እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

ይፈነዳል የተባለው ሌላ ነው። የኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለው ቤቴልጅየስ ነው፣ እሱም ወደ ቀይ ያደላል። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ብርሃኑ በጣም ስለደከመ ብዙ ተወራ፤ በኋላ ግን ከራሱ የወጣ አቧራ ጋርዶት እንደነበር ታወቀ። እሱ ከፀሐይ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚከብድ አንድ ቀን መፈንዳቱ አይቀርም። አልደባራን ግን ለፍንዳታ የሚሆን ክብደት የለውም። ውጫዊ አካሉን ቀስ በቀስ ይጥልና ትንሽ ነጭ ድንክ ኮከብ ሆኖ ይቀራል።

ቴሌስኮፑን ለጊዜው ተይው። በቤት ቴሌስኮፕ ብታዪውም ያው ነጥብ ነው። ይልቅ ባይናኩላር ፈልጊ። አጠገቡ ተጠጋግተው የምታዪያቸው ሃያደስ ይባላሉ፤ በባይናኩላር በጣም ያምራሉ። አልደባራን ከእነሱ ጋር ያለ ይመስላል እንጂ አይደለም። እነሱ 150 የብርሃን ዓመት (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ገደማ ይርቃሉ፣ እሱ 65 ገደማ። ቀለሙ እንዲጎላልሽ ደግሞ ባይናኩላሩን ሆን ብለሽ ትንሽ አደብዝዢው። ነጥቡ ሰፋ ሲል ብርቱካናማው ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ከሁሉ የማልረሳው ጨረቃ ስትሸፍነው ያየሁበትን ምሽት ነው። ከ2015 እስከ 2018 በየወሩ ከአንዱ የምድር ክፍል ይታይ ነበር። ጨለማው የጨረቃ ጠርዝ ቀስ እያለ ተጠጋው፣ ተጠጋው። የሚደበዝዝ መስሎኝ ስጠብቅ ድንገት ድርግም አለ። ጨረቃ ላይ ብርሃኑን ቀስ በቀስ የሚያደክም አየር የለማ! ባይናኩላሩን እንደያዝኩ በሌላው በኩል እስኪወጣ አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ጠበቅኩ።

እናቴ 65 ዓመት በሞላት ምሽት ደጅ ይዣት ወጥቼ «ይሄ ብርሃን መንገድ የጀመረው አንቺ ስትወለጂ አካባቢ ነው» አልኳት። ምንም አላለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ብዙ ደቂቃ ቆማ አየችው።

ማታ ማታ እስከ መጋቢት ድረስ በደንብ ታዪዋለሽ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ፀሐይ አጠገቡ ስለምትሆን ይጠፋል። ሐምሌ ላይ ጎሕ ሳይቀድ ተነሺና በምሥራቅ በኩል ፈልጊው።