የደሴው ድረ ገጽ ኮምቦልቻ ሲወርድ

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ የቤት ዕቃ ማምረቻና መሸጫ አለን። ቁም ሣጥን፣ አልጋና የኩሽና ካቢኔ እንሠራለን። ድረ ገጽ ከከፈትን 4 ዓመት ሆኖናል፤ ከሚደውሉልን ደንበኞች ብዙዎቹ እሱን አይተው ነው። አሁን ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ልንከፍት ነው፤ ከቀናን ወልድያም እናስባለን። ድረ ገጹን የሠራልን ባለሙያ «ለኮምቦልቻ በሌላ ዶሜይን (የድረ ገጽ መጠሪያ አድራሻ) አዲስ ድረ ገጽ ይከፈት» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሰብዶሜይን (ከነበረው ስም ፊት ሌላ ቃል የሚቀጠልበት አድራሻ) ይበቃል» አለን። የቱን እንስማ?
የቤት ዕቃ አምራቾች፣ ከደሴ

መልስ፦ ሁለቱንም ተዉአቸው። ባላችሁ ድረ ገጽ ውስጥ ለኮምቦልቻ አንድ ራሱን የቻለ ገጽ ይጨመር። አድራሻው የነበረው ስማችሁ ሆኖ ከኋላው ስላሽ (/) እና «ኮምቦልቻ» ይከተለዋል። ወልድያ ስትከፍቱም እንደዚሁ።

አዲስ ዶሜይን ከዜሮ ነው የሚነሣው። በ4 ዓመት ውስጥ ሌሎች ገጾች ወደ እናንተ ያስቀመጡት ሊንክ ሁሉ የአሮጌው ስም ነው፤ አዲሱ አይወርሰውም። በዚያ ላይ ክፍያው፣ ባክአፑ፣ እድሳቱ እጥፍ ይሆናል። የኤምዲኤፍ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሁለት ቦታ ማስተካከል አለባችሁ፤ አንዱ ይረሳል፤ ደንበኛው በአሮጌው ዋጋ ቀብድ ይዞ ከች ይላል። ሰብዶሜይን ስህተት አይደለም፤ ጎግል ራሱ ሰብዶሜይንንም በድረ ገጹ ውስጥ ያለ ገጽንም ማስተናገድ እንደሚያውቅበት ይናገራል። ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው ተጭኖ ለብቻው የሚጠበቅ ሌላ ድረ ገጽ ሆኖ ያርፋል። ለሁለት ሱቅ ይህን ያህል ጣጣ መግዛት ምን ይሉታል? አዲስ ዶሜይን የሚያስፈልገው የኮምቦልቻው ሥራ በሌላ የንግድ ስም ወይም በሌላ ባለቤት የሚከፈት ከሆነ ነው።

ዋናው ችግር ያለው ግን ገጹ ላይ በሚጻፈው ነው። አብዛኛው ሰው የደሴውን ገጽ ኮፒ አድርጎ «ደሴ» የሚለውን በ«ኮምቦልቻ» ይተካል። ጎግል ሁለቱን አንድ ዓይነት ሆነው ሲያገኛቸው አንዱን ይመርጥና ሌላውን ከውጤቱ ይደብቀዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው አዲሱ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የከተማውን ስም በእጃችሁ ሸፍናችሁ ገጹን አንብቡት። የየትኛው ከተማ እንደሆነ ካልለየ ገና አልተጻፈም።

ታዲያ ምን ይግባበት? ኮምቦልቻ ሱቅ ውስጥ ዛሬ ቆሞ የሚታየው ዕቃ የቱ ነው፣ ደሴ ታዝዞ የሚመጣውስ? በትእዛዝ የሚሠራው በስንት ቀን ይደርሳል? በሐረጎ ቁልቁል የሚወርደው አይሱዙ ኪራይ በማን ሒሳብ ነው? ቤት ድረስ መጥቶ ልኬት የሚወስድ ሠራተኛ አለ? ደንበኛ ደውሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ ስልኩን የሚያነሣው ልጅ አንድ ሳምንት የተጠየቀውን ደብተር ላይ ይመዝግብ፤ ገጹ ግማሽ በግማሽ ተጻፈ ማለት ነው።

አድራሻውን እኛ አገር እንደምንነጋገረው፣ በሚታወቅ ሕንፃ ወይም አደባባይ ፊት ለፊት ብላችሁ ጻፉት፤ ፕላስ ኮዱንም (ጎግል ማፕ ለቦታው የሚሰጠውን አጭር መለያ) ጨምሩ። ጎግል ማፕ ላይ የሱቁን በር ቦታ በጣት ተጭኖ መቆየት ነው፤ ኮዱ ከታች ይወጣል። ስልኩ ሲነካ የሚደውል ይሁን፤ መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ ወድቆ በ+251 ይተካል። ፎቶ እዚያው ኮምቦልቻ የገጠማችሁት ካቢኔ ይሁን እንጂ ከኢንተርኔት የተለቀመ አይሁን። በስልክ የተነሣ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋ ባይት ይመዝናል፤ 12 ፎቶ እንዲሁ ከተጫነ ገጹ 50 ሜጋ ሊጠጋ ነው። ደንበኛው በጥቅል ዳታ ነው የሚያየው፤ ሳይከፈትለት ይሄዳል። ስፋቱን 1200 ፒክሰል አድርጋችሁ በዌብፒ (ፎቶን የሚያቀል የፋይል ዓይነት) አስቀምጡት፤ አንዱን ፎቶ ወደ 150 ኪሎ ባይት ማውረድ ይቻላል።

ስለ ሰዓት በተለይ ተጠንቀቁ። ገጹ ላይ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» ብላችሁ ብትጽፉ ሁሉም ይገባዋል። ጎግል ማፕ ውስጥ ግን የሚሞላው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከ8፡00 እስከ 18፡00። 2 ብሎ የሞላ ሰው ሱቁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከፍቶታል፤ ቀኑ እኩል ሲሆን ደግሞ «ተዘግቷል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣበታል። ዓርብ ለጁምዓ የምትዘጉ ከሆነ ለአንድ ቀን ሁለት ክፍለ ሰዓት መሙላት ይቻላል፤ ከሰላት በፊትና በኋላ። ለረመዳንና ለበዓላት «ልዩ ሰዓት» የሚል ቦታ አለ።

ጎግል ማፕ ላይ ኮምቦልቻ የራሱ መዝገብ (የሱቁ ስም፣ ስልክና ሰዓት የሚወጣበት) ይከፈትለት፤ የደሴው ላይ አትደርቡት። ስሙ በሁለቱም ቦታ ታፔላው ላይ እንዳለው አንድ ዓይነት ይሁን፤ «ምርጥ ሶፋ በኮምቦልቻ» እያሉ ስም ላይ መቀጠል መዝገቡን ያሳግዳል። የኮምቦልቻው መዝገብ ሊንክ ወደ ኮምቦልቻው ገጽ እንጂ ወደ መነሻ ገጹ አይሂድ። ሱቁ የእናንተ መሆኑን ጎግል የሚያረጋግጠው ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ነው፤ ሳይቆረጥ መንገዱን፣ ታፔላውን፣ ከዚያም በቁልፍ ከፍታችሁ ስትገቡ ታሳያላችሁ። ስለዚህ ታፔላ ሳይሰቀል አትጀምሩ። መዝገቡ የሚከፈተው በራሳችሁ ኢሜይል ነው። በባለሙያው ኢሜይል ከተከፈተ ከእሱ ጋር በተጣላችሁ ቀን ካርታውም አብሮ ይሄዳል።

መነሻ ገጹ ላይ የሁለቱም ከተማ ስልክ ጎን ለጎን ይታይ። ጎብኚውን ካለበት ቦታ ተነሥቶ በራሱ ወደ አንዱ ገጽ የሚወረውር ነገር አታስገጥሙ። የጎግል መርማሪ ፕሮግራም በአብዛኛው ከአሜሪካ ነው የሚመጣው፤ ሁልጊዜ ወደ ደሴ ከተወረወረ የኮምቦልቻውን ላያየው ይችላል።

ወልድያን በተመለከተ፣ ሱቅ ሳይኖር ገጽ አይከፈትም። ለሐይቅ፣ ለመርሳ፣ ለባቲ እያሉ ስማቸው ብቻ የሚለያይ ገጾች መደርደር በጎግል ደንብ ማጭበርበር ነው። «ዕቃ የምናደርስባቸው ከተሞች» የሚል አንድ ገጽ ከዋጋና ከቀን ጋር ይበቃል። ወልድያ በተከፈተ ጊዜ ደግሞ የስሙን አጻጻፍ አስቡበት፤ «ወልድያ»ም «ወልዲያ»ም ብሎ የሚፈልግ አለ፤ በላቲን ፊደልም አንድ ዓይነት አይጻፍም። አንዱን ርእስ ላይ፣ ሌላውን ጽሑፉ መሐል ተጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ እኔ ምክር ሳልጠይቅ ለሁለተኛው ሱቄ ሌላ ዶሜይን ገዝቼ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ። አሁን ወደ አንድ ልመልሰው ብል የነበረኝን አጣለሁ?
የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ፣ ከወልድያ

መልስ፦ በአግባቡ ከተዛወረ ብዙም አያጡም። መጀመሪያ የአሮጌውን፣ ማለትም የሚተዉትን ዶሜይን፣ ገጾች አድራሻ በሙሉ ኤክሴል ላይ በአንድ ዓምድ ይጻፉ፤ ከጎኑ እያንዳንዱ የሚሄድበትን አዲስ አድራሻ። ከዚያ ባለሙያዎ 301 የሚባለውን ቋሚ ሪዳይሬክት (አሮጌውን አድራሻ የከፈተን ሰው ወደ አዲሱ የሚወስድ) ገጽ በገጽ ይሥራ። ሰነፉ መንገድ ሁሉንም ወደ መነሻ ገጹ ማዞር ነው፤ የስልክ ጥገና ዋጋ ፈልጎ የመጣ ደንበኛ ሰላምታ ብቻ አንብቦ ይመለሳል፤ ጎግልም እንዲህ ያለውን እንደጠፋ ገጽ ሊቆጥረው ይችላል።

አሮጌውን ዶሜይን ወዲያው እንዳይተዉት። ሪዳይሬክቱ ቢያንስ 1 ዓመት መቆየት አለበት፤ ዓመታዊ ክፍያው ትንሽ ስለሆነ ከዚያም በላይ ቢያቆዩት ይሻላል። የተለቀቀ ዶሜይን ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል፤ በእርስዎ ታፔላና ደረሰኝ ላይ የታተመው አድራሻ ያን ጊዜ የማን ገጽ እንደሚከፍት አይታወቅም። የፌስቡክ፣ የቴሌግራምና የካርታ ሊንኮችን በዚያው ቀን ይቀይሯቸው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ከሚሴ ልከፍት ነው። ገጹን በኦሮምኛ ለማድረግ የመተርጎሚያ ቁልፍ ባስገባ ይበቃል?
የግንባታ ዕቃ ነጋዴ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አይበቃም። ቁልፉ ሲነካ ብቻ የሚተረጎም ጽሑፍ የራሱ አድራሻ ስለሌለው በኦሮምኛ ለሚፈልግ ሰው ጎግል ላይ አይወጣም። ፌሮና ቆርቆሮ በየሱቁ የሚጠሩበትን ስምም ማሽን አያውቀውም። ከሚሴ ውስጥ ዕቃውን የሚሸጥ ሰው በቁቤ ይጻፍልዎት፤ ለብቻው አድራሻ ባለው ገጽ ላይ ይቀመጥ። ባለሙያዎ በሁለቱም ገጾች ላይ ኤችሬፍላንግ የሚባለውን፣ ገጹ በሌላ ቋንቋ የት እንዳለ ለጎግል የሚነግር ምልክት ያስገባ፤ የአማርኛው ኦሮምኛውን፣ የኦሮምኛው አማርኛውን መጠቆም አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ከጠቆመ ምልክቱ አይቆጠርም። እዚያ ገጽ ላይ የሚጻፈውን ስልክም ኦሮምኛ የሚችል ሠራተኛ ይያዘው።