መልስ፦ ጤና ኤክስቴንሽን ስራው መርፌ መውጋት ብቻ ነው ወይ ላልሽው

እህቴ ታናሽሽ የጤና ኤክስቴንሽን ስልጠና ልትገባ ስለሆነ ስራው መርፌ መውጋት ብቻ ነው ወይ ብለሻል፣ አይደለም። እኔ ደቡብ ወሎ ለጋምቦ ደጋው ላይ ስድስት አመት ሰርቻለሁ፣ ክትባት ትንሹ ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ሀሳቡ በሽታ ሳይመጣ መከላከል ነበር፣ በአንድ ጤና ኬላ 2 ሴቶች ለ5000 ሰው አካባቢ ተብሎ። ስለዚህ ቤት ለቤት ትሄዳለች፣ ሽንት ቤት ተቆፍሯል ወይ፣ ነፍሰጡሯ ክትትል ጀምራለች ወይ ብላ ታያለች፣ የምግብ እጥረት እንዳለበት ለማወቅ የልጅ ክንድ ትለካለች፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ታስገባለች፣ የሚያስለው ህፃን ከመጣ ደግሞ ትንፋሹን በደቂቃ ቆጥራ ሳንባ ምች ከሆነ አሞክሳሲሊን ትሰጣለች፣ ከባድ ከሆነ ጤና ጣቢያ ትልካለች።

የሚከብደው መንገዱ ነው። ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ የክትባት ሳጥኑን ይዤ ማዶ ስጠብቅ በረዶው ሲቀልጥ ያለቀስኩበት ቀን አለ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው እየጠበቁኝ እኮ ነው። ሁለታችሁ ናችሁ ይባላል ግን አንዷ የወሊድ ፈቃድ ከወጣች ወይ ስብሰባ ከሄደች ሌላዋ ብቻዋን ቀረች ማለት ነው፣ ሪፖርቱም አይቀርም። ደሞዙ ለድካሙ አይመጥንም፣ ዝውውርም ቶሎ አይገኝም፣ ባለትዳር ከሆነች ይሄን አስቡበት።

ህዝቡ ግን ይወድሻል፣ አራስ ቤት ገብተሽ ገንፎ ሳትቀምሺ አትወጪም። ከገባች ደህና ቦቲና ወፍራም ጋቢ ትያዝ፣ ትምህርቷን ወደ ደረጃ 4 (ሌቭል 4) የማሻሻያ እድል ሲመጣም እንዳያልፋት ከአሁኑ ትከታተል።