ከሬዞሉት እስከ ግሪስ ፊዮርድ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ጥያቄ፦ በመሐል ሜዳ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ሰሜን ካናዳ ደሴቶች ሳስተምር፣ ሬዞሉት የተባለችው መንደር በ95 ዲግሪ፣ ግሪስ ፊዮርድ ደግሞ በ83 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ አካባቢ እንደሚገኙ ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። አንዱ ተማሪ ተነሥቶ 12ቱን ዲግሪ በ111 አባዛና ርቀቱ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። የግድግዳው ካርታም የእርሱን ቃል የሚደግፍ መሰለኝ። ትክክለኛው ርቀት ስንት ነው? በአውሮፕላንስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

መልስ፦ ርቀቱ በቀጥታ መስመር 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በረራው በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል።

ተማሪዎ ሲያባዛ አልተሳሳተም፤ የሳተው፣ 111 ኪሎ ሜትር የሚባለው ልክ ለኬንትሮስ የሚያገለግለው በምድር ወገብ ላይ ብቻ መሆኑን ነው። የኬንትሮስ መስመሮች እንደ ሣር ቤት የጣሪያ እንጨቶች ናቸው፤ ከግድግዳው ላይ ተራርቀው ይነሡና ከጉልላቱ ሥር ይገጥማሉ። በመንዝ አንድ ዲግሪ 109 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚሆን የልጁ ስሌት ለእኛ አገር ቢሆን ኖሮ ብዙም አይነቀፍም ነበር። ሁለቱ መንደሮች ባሉበት፣ ከ75ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ግራና ቀኝ ግን፣ ያው አንድ ዲግሪ ወደ 28 ኪሎ ሜትር ይጠብባል። ስለዚህ 12ቱ ዲግሪ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ግሪስ ፊዮርድ ወደ ሰሜን 190 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ስለምትል ሁለቱን በፓይታጎረስ ሕግ ቢያጋጥሟቸው 380 ላይ ይደርሳሉ። ካርታውም ልጁን የደገፈው፣ ብዙ የግድግዳ ካርታዎች እነዚህን መስመሮች ሳይገናኙ ጎን ለጎን ቀጥ አድርገው ስለሚስሉና የሰሜኑን ምድር ስለሚለጥጡት ነው። ትምህርት ቤቱ ሉል ካለው፣ በሁለቱ መንደሮች መካከል ክር ወጥረው ያንኑ ክር ወገብ ላይ ቢያስተኙት ተማሪዎቹ ልዩነቱን በዓይናቸው ያያሉ።

በእኛ አገር የቀጥታ መስመር ርቀት ለመንገደኛ ብዙም አይጠቅመውም። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ በቀጥታ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ መኪናው በጣርማ በር ዞሮ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሄድ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሬዞሉት በኮርንዋሊስ ደሴት፣ ግሪስ ፊዮርድ ደግሞ በኤልስሚር ደሴት ላይ ስለሆኑ በመካከላቸው መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ መንገደኛው የሚሄደው በአየር ነው።

በዚያ መስመር የምትታወቀው ትዊን ኦተር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአንድ ወቅት ይገለገልባት የነበረችው፣ 19 ያህል ሰው የምትይዝ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ናት። በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትበር 380ውን በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ትጨርሰዋለች፤ የቀረው ጊዜ ለመነሻና ለማረፊያ፣ እንዲሁም ለነፋሱ ይታሰባል። ጄት ቢሆን ይፈጥን ነበር፤ ነገር ግን የግሪስ ፊዮርድ ማኮብኮቢያ በተራራና በባሕር መካከል የተዘረጋ አጭር ጠጠር ነው፤ ጄት አያሳርፍም። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ያልፋል፤ የዚያ አገር አብራሪ ግን ማኮብኮቢያው ካልታየው ወደ ሬዞሉት ይመለሳል እንጂ አያርፍም፤ ያን ጊዜ መንገደኛው ሦስት ሰዓት ያህል በርሮ ከተነሣበት ቦታ ይወርዳል።