ዶቃ፣ ክርና ስንደዶ፦ የእጅ ሥራ ጥያቄዎቻችሁ

ክረምት ሲገባ የእጅ ሥራ ጥያቄ ይበዛል። ዝናቡ ሰውን ቤት ያውላል፣ መብራትም ይጠፋል፣ እጅም ሥራ ይፈልጋል። ከጠየቃችሁኝ ውስጥ ሌላውንም ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጬ መልሻለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ እዚህ የምናወራው ለእረፍት ስለሚሠራ ሥራ ነው። ጠመም ቢል፣ ሳያልቅ ቢቀመጥ ማንም አይጠይቃችሁም።

ጥያቄ፦ ከሥራ ስገባ ስልኬን ይዤ ሶፋ ላይ ጋደም እላለሁ። ቀና ስል ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። እጄን የሚይዝልኝ ነገር ፈልጌ ነው። ዶቃ ደስ ይለኛል፤ ግን ከምን ልጀምር? ብዙ ማውጣት አልችልም። (ከአዳማ)

መልስ፦ በላስቲክ ክር ከሚሠራ አምባር ጀምሪ። መቆለፊያ የለው፣ ፒንሳ አይፈልግ፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። ዶቃ ለመግዛት ገና አትሩጪ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ፈልጊ። የተበጠሰ ሐብል፣ አንዱ የጠፋ ጉትቻ፣ የእናትሽ አሮጌ ጨሌ ከየመሳቢያው ይወጣል። የሚገዛው ላስቲኩ ብቻ ነው። ውፍረቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነውን ያዢ።

የእጅሽን አንጓ በክር ለክተሽ ክሩን ማስመሪያ ላይ አስተኚው። 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 2 ጨምሪበት። ለ17 ሳንቲ ሜትር አምባር ባለ 6 ሚሊ ሜትር ዶቃ 28 ፍሬ ይበቃል፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ 21። ዶቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ አታፍሺያቸው፤ ይንከባለሉና ምሽቱን ሶፋ ስር ስትፈልጊ ታመሺያለሽ። ፎጣ አንጥፊና እዚያ ላይ ደርድሪያቸው። ቀለም የምታማርጪውም ያኔ ነው፤ ከተሰካ በኋላ መለወጥ ያናድዳል።

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ላስቲኩን ከመስካትሽ በፊት በሁለት እጅሽ ይዘሽ ደጋግመሽ ሳቢው። ሳይሳብ ከተሠራ በሳምንቱ ይለጠጥና አምባሩ መሐል ክፍተት ይታያል። ከዚያ አንዱን ጫፍ በፕላስተር ያዥውና ስኪ። ሲያልቅ ሁለቱን ጫፎች ስታስሪ ክሩን አንዴ ሳይሆን ሁለቴ አዙረሽ አሳልፊው፤ ጥብቅ አድርገሽ ሳቢ፤ ደግመሽ እሰሪ። ቋጠሮው ላይ በመርፌ ጫፍ ጠብታ ሱፐር ግሉ ንኪበትና እስኪደርቅ ጠብቂ። ቋጠሮውን ቀዳዳው ሰፋ ያለ ዶቃ ውስጥ ጎትተሽ ደብቂው። ትርፉን ክር የምትቆርጪው መጨረሻ ላይ ነው።

ስልኩን ደግሞ ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ቪዲዮ እያዩ መስካት ይቻላል፤ የምትፈልጊው እረፍት ግን በዚያ መንገድ አይመጣም።

ጥያቄ፦ ራሴ የሠራሁት ጉትቻ ጆሮዬን ያሳክከኛል፣ ያቆስለኛልም። የወርቁን ሳደርግ ምንም አልሆንም። ዶቃው ነው እንዴ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዶቃው አይመስለኝም፤ መንጠቆውን ጠርጥሪ። ርካሽ መንጠቆዎች ውስጥ ኒኬል የሚባል ብረት አለ። ቆዳ አንዴ ኒኬልን ከተቆጣ ዕድሜ ልኩን ይቆጣል። ብዙ ጊዜ የሚያሳክከው ባደረግሽበት ሰዓት ሳይሆን በማግስቱ ስለሆነ ምክንያቱ ይሰወራል። የአውሮፓ ኅብረት በ1994 እ.ኤ.አ. ጌጥ ላይ ያለውን ኒኬል በሕግ የገደበው ችግሩ የብዙ ሰው ስለሆነ ነው።

ጉትቻሽን አትጣዪው። መንጠቆውን ብቻ ፈትተሽ 925 የሚል ምልክት ባለው ከብር በተሠራ (ሲልቨር) ወይም በቲታኒየም መንጠቆ ቀይሪው። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም መቀባት ለጊዜው ይረዳል፤ ግን ቶሎ ይላጣል። ቁስሉ እስኪድን ምንም አታድርጊ። ካመረቀዘ ወይም ካበጠ ሐኪም ይየው።

ይህን ጥያቄ ሳነሳ ብዙዎቻችሁ የምትሉትም ትዝ አለኝ፦ መዳብ እጄን አረንጓዴ አደረገው የሚለው። እሱ ሌላ ነው። መዳቡ ከላብ ጋር ተዋህዶ የሚተወው ቀለም ነው፤ በሳሙና ይለቃል።

ጥያቄ፦ ባንክ ነው የምሠራው። ማታ ማታ ክር እየጎነጎንኩ የእጅ ማሰሪያ እሠራለሁ፤ ጭንቅላቴን ቀለል ያደርግልኛል። ጓደኞቼ ግን የሴት ሥራ ነው እያሉ ይቀልዱብኛል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽሮ ሜዳ ይዘሃቸው ሂድ። በየበዓሉ እናቶቻቸው የሚለብሱትን ጥበብ የሸመኑት እጆች በአብዛኛው የወንድ ናቸው። በደጋው አገራችን ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፤ ከጥንትም እንዲህ ነው። የአንገት መስቀሉን፣ ቀለበቱን የሚሠራው አንጥረኛም ወንድ ነበር። ጎንጉን።

ጥያቄ፦ አያቴ ስታርፍ ማርትሬዛ ብር ደረሰኝ። ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፤ ጠቁሯል። አንዱ ፒያሳ ወስደሽ አቅልጠሽ ቀለበት አሠሪው ይለኛል፣ ሌላው በጥርስ ሳሙና ፈትጊው ይለኛል። እኔ ራሴ ሐብል ላደርገው ነው ሐሳቤ። (ከጎንደር)

መልስ፦ ሐሳብሽ ከሁለቱም ምክር ይበልጣል። እባክሽ አታስቀልጪው።

መጀመሪያ ትክክለኛ መሆኑን እንይ። ሳንቲሙ ላይ 1780 የሚል ታያለሽ። ይህ ብሩ ስሟን የያዘው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንም የተመቱት ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት። ስለዚህ ዓመቱን አይተሽ ዕድሜውን ማወቅ አይቻልም። ሚዛን ላይ አስቀምጪው፤ ሳንቲሙ ብቻውን ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ የማንጠልጠያውን ትርፍ አስቢ። ማግኔት አስጠጊበት፤ ብር በማግኔት አይሳብም። ቀጥሎ በማጉያ መነጽር የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ተመልከቺ። ዙሪያውን 9 ጥቃቅን ዕንቁዎች አሉበት። የድሮ ነጋዴዎች ብሩን ሲቀበሉ እነዚህ ዕንቁዎች ጥርት ብለው መታየታቸውን ያረጋግጡ ነበር። የአያትሽ ብር ለዓመታት ከልብስ ጋር ሲፋተግ ከርሞ ቢፈዝ ግን አትደንግጪ።

ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኞቻችን መስቀሉንም አምባሩንም ይህንኑ ጠገራ ብር እያቀለጡ ይሠሩ ነበር፤ ስለዚህ የማቅለጥ ምክሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። ያኔ ግን ብሩ በየገበያው ነበር። የአያትሽ አንድ ነው።

ጥቁረቱ ብሩ አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል፤ ምስሉንም አብሮ ይበላዋል። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቢው፣ በጥጥ ጨርቅ አድርቂው፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ወልወል አድርጊው። ከፍ ያለው ያበራል፣ ጎድጓዳው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ውበቱም እሱ ነው። ብሩ ከባድ ስለሆነ በቀጭን ክር አታንጠልጥዪው። የጥቁር ማተብ ክር ሦስት አድርገሽ ጎንጉኚ፤ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደረትሽ ላይ ያርፋል። ማንጠልጠያው ጠርዙ ሻካራ ከሆነ ክሩን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋልና አንጥረኛ ጋ ወስደሽ በሞረድ አስልሺው። አዲስ ቀዳዳ ግን አይበሳበት።

ጥያቄ፦ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማታ ክፍሌ ስገባ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል። ድምፅ የሌለው፣ ትንሽ ቦታ የሚበቃው የእጅ ሥራ ንገሪኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ዳንቴል ሥሪ። አንድ ኪሮሽ፣ አንድ ጥቅል ክር፣ ከትራስሽ ስር የምትገባ ትንሽ ከረጢት፤ ሌላ ምንም አያስፈልግሽም። ድምፅ የለውም። ሲጠሩሽ ባለበት አስቀምጠሽ ትነሻለሽ።

የእናቶቻችንን የቴሌቪዥን ዳንቴል በቀጭን ነጭ ክር ለመሥራት አትነሺ፤ ዓይን ይጎዳል፣ ትዕግሥትም ይጨርሳል። ወፈር ያለ፣ ቀለሙ ፈካ ያለ የጥጥ ክርና 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ያዢ። ጥቁር ክር ማታ አይታይም። የመጀመሪያ ሥራሽ ክብ የብርጭቆ ማስቀመጫ ይሁን።

ለክቡ ቁጥር አለው። በአጭሩ አሠራር፣ ማለትም ክሩን አንዴ ስበሽ ኪሮሹ ላይ ያሉትን ሁለቱን ቀለበቶች አንድ ላይ በምታስወጪበት፣ መጀመሪያ 6 ትሠሪያለሽ። በየዙሩ 6 ትጨምሪያለሽ፦ 6፣ 12፣ 18፣ 24። ጠርዙ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ላይ ከታጠፈ መጨመር ረስተሻል፤ ከተጨማደደ አብዝተሻል። ሁለት ዙር ፍቺና ቀጥዪ። ዳንቴል መፈታቱ ትልቅ ጸጋው ነው፤ ክሩ ሳይበላሽ ይመለሳል፣ ነገ ማታ ደግሞ ትሠሪበታለሽ።

እየቆጠርሽ ስትሠሪ ሐሳቡ ፋታ ይሰጥሻል። ቁጥርና ጭንቀት አንድ ላይ አይመቻቹም። ቢሆንም ቀን ሙሉ የለፋ እጅ ነውና አንጓሽን ካመመሽ አቁሚ። ሐሳቡ ቀንም የማይለቅሽ፣ ምግብ የሚያስጠላሽ ከሆነ ደግሞ ክር ብቻውን አይበቃም። አገር ቤት ላለ ለምታምኚው ሰው ደውለሽ ንገሪ፤ ሐኪም የምታገኚበት መንገድ ካለም አትለፊው።

ጥያቄ፦ የዶቃ ሐብል ስሠራ ያየ ሁሉ ሽጪው ይለኛል። ባለቤቴም ገንዘብ የሚያወጣውን ለምን በነጻ ትሰጪያለሽ አለኝ። ግራ ገባኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ገንዘብ ካስፈለገሽ ሽጪ፤ ነውር የለውም። ካላስፈለገሽ ግን አትቸኩዪ። ይህን የምለው በዚህ መንገድ ደስታቸው የጠፋባቸው ሰዎች ስለማውቅ ነው።

መሸጥ ሲጀመር ሥራው ይለወጣል። አንዷ ቀዩን በሰማያዊ አድርጊልኝ ትላለች። ሌላዋ ለሰርግ ነው፣ እስከ ዓርብ አድርሺልኝ ትላለች። አንዱን ሐብል ወደሽው ሃያ ጊዜ ደግመሽ ትሠሪዋለሽ። ዋጋው ሲሰላ ደግሞ ያሳዝናል። አራት ሰዓት የፈጀብሽን ሐብል ከውጭ በካርቶን ከሚገባው ጋር አስተያይተው ይከራከሩሻል። ያኔ ማታ ስትቀመጪ የምታስቢው ስለ ቀለም ሳይሆን ስለ ሒሳብ ነው።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ለቅርብ ሰው ስጦታ ስጪ፦ ለክርስትና፣ ለልደት፣ ለምርቃት። ከሩቅ የሚጠይቅ ካለ የዶቃውንና የክሩን ዋጋ ይክፈል፤ የሚደርስልህም እኔ ሲመቸኝ ነው በይው። ለራስሽ ደግሞ የማይሸጥ፣ የማይሰጥ አንድ ሥራ ሁልጊዜ ይኑርሽ። ለባለቤትሽም ይህ ሐብል ከሥራ በኋላ ሰው የሚያደርገኝ ነው ብለሽ በግልጽ ንገሪው። ኳስ ሲያይ ማን ይከፍልሃል ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። አንቺም በዚህ አትጠየቂ።

ጥያቄ፦ የወሎ ኦፓል ያለበት ሐብል ሠርቼ ነበር። ሳላወልቀው ሻወር ገባሁና የነበረው የቀለም ብልጭታ ጠፋ፤ ድንጋዩ እንደ መስታወት ሆነ። ተበላሸ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ሳይሆን አይቀርም የጠጣው ውኃ ነው። ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓለም ያወቀው ኦፓል ብዙው ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ጨርቅ ላይ አድርገሽ ጥላ ውስጥ ተዪው፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ፀሐይ ላይ ማውጣት፣ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ አይሆንም፤ ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ከውኃው የሚብሰው ዘይት፣ ሽቶና ሎሽን ነው፤ እሱን ከጠጣ ቀለሙ እንደነበረ ላይመለስ ይችላል። ከእንግዲህ ተቀባብተሽ ከጨረስሽ በኋላ አጥልቂው፣ ስታወልቂ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ጋ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ከአገር ቤት ስንደዶና አክርማ አስመጥቼ ትንሽ ሰፌድ ጀመርኩ፤ ክረምት ላይ ግን እየተሰበረ አስቸገረኝ። አገሬ እንዲህ አልነበረም።

መልስ፦ እማማ፣ ስፌቱን እርስዎ ለእኔ ያስተምሩኛል እንጂ እኔ ለእርስዎ አልነግርም። ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም፤ የቤት ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቀው ነው። እንደ አገር ቤቱ አርከፍክፎ መተው እዚያ አይበቃም። ለዕለቱ የሚበቃዎትን ብቻ ይንከሩ፤ ከዚያ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለው አጠገብዎ ያስቀምጡና አንድ አንድ እየመዘዙ ይስፉ። የተረፈውን እርጥቡን አይቋጥሩት፤ ይሻግታል። ዘርግተው ያድርቁት። አለላው ቀለም የሚለቅ ከሆነ ለብቻው ይንከሩት፤ አለዚያ ነጩን ያበላሽብዎታል። ስንደዶው ካለቀብዎ እዚያው የእጅ ሥራ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ራፊያ አላቸው፤ ለስለስ ቢልም በወስፌ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ ዶቃዬን ካላጋራሽኝ ብላ ታለቅሳለች። ምን ልስጣት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዶቃ አይሆንም፤ አፏ ውስጥ ከትታ ልትታነቅ ትችላለች። ትልልቁን መኮሮኒና ወፍራም የጫማ ማሰሪያ ስጫት፣ ጫፉን በፕላስተር አጠንክሪላት፤ አጠገቧም ሁኚ። ሐብል ሆኖ ሲያልቅ አንገቷ ላይ እንዳታደርጊው፤ አሻንጉሊቷ ታድርገው። ያንቺን ዶቃ ክዳኑ በሚጠብቅ ማሰሮ አድርገሽ ከፍ ያለ ቦታ ስቀዪው፤ የወደቀ እንዳለም ከመተኛትሽ በፊት ወለሉን በባትሪ እዪው።