የግፊቱ ክኒን፣ የጉልበቱ ክኒንና የዓይን ጠብታው

ጥያቄ፦ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት ዘጌ ነው። ለግፊት አቴኖሎል 50 ሚሊግራም በቀን አንዴ ሲወስዱ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ደህና ነበሩ። ከክረምቱ ወዲህ ግን ግፊታቸው 165/95 ነው። ብድግ ሲሉ ያዞራቸዋል፤ ወደ ቡናው ሲወጡም ቶሎ ይደክማሉ። ክኒኑን አንድ ቀን አላቋረጡም። ሰውነታቸው ለምዶት ይሆን? ሌላ የሚወስዱት የለም። በዝናቡ ጉልበታቸው ስለባሰ በየቀኑ ዲክሎፌናክ፣ ለዓይናቸው ግላኮማ ደግሞ ጠብታ፣ ያው ነው። (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሰውነታቸው አልለመደውም። እኔን ያሳሰበኝ «ያው ነው» ብለሽ ያለፍሻቸው ሁለቱ ናቸው።

ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋሉ። ስለዚህ ግፊት ይወጣል፤ አቴኖሎሉም ይሸነፋል። ለአንድ ሁለት ቀን ሲሆን ብዙም አይታወቅም። በየቀኑ ሲሆን ግን እንዲህ ይታያል። ለጉልበታቸው በፓራሲታሞል እንዲተኩት ፋርማሲስት አማክሪ።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ጠብታው ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ስም አንብቢ። ቲሞሎል ከሆነ እሱም እንደ አቴኖሎል ቤታ ብሎከር፣ ማለትም የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት ነው። ጠብታ ደግሞ ዓይን ላይ አይቀርም። በእንባ መውረጃው ወደ አፍንጫ ይወርድና ደም ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ሲደራረቡ የልብ ምት ይዘገያል። ማዞሩና ድካሙ ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት አቴኖሎል ታዞላቸው መጡ። «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» አልኳቸው። «የለም ልጄ» አሉኝ፤ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። የልብ ምታቸው በደቂቃ 44 ነበር። ነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሯት ቲሞሎል ነበረች። ጠብታን ማን መድኃኒት ብሎ ይቆጥራል? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በደንብ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ወዲህ «የሚዋጥ፣ ዓይን ውስጥ ጠብ የሚደረግ፣ የሚቀባ፣ በአፍ የሚሳብ አለ?» እያልኩ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ።

አባትሽ ሲመጡ፣ ከጀልባ እንደወረዱ አይሁን፣ አምስት ደቂቃ አረፍ ይበሉ። ከዚያ የእጃቸውን አንጓ ይዘሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ከ50 በታች ከሆነ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። ካልሆነም በዚህ ሳምንት ይታዩ። አቴኖሎሉን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፤ በድንገት ሲቆም ልብን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ጠብታውም ከቆመ ዓይናቸው ይጎዳል። እስኪታዩ ድረስ ጠብታውን ሲያደርጉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ሁለት ደቂቃ በጣታቸው ይጫኑት። ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል።

ሦስቱንም በአንድ ፌስታል አድርገሽ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። 165ን ብቻ ካየ አቴኖሎሉን ሊጨምርላቸው ይችላል፤ ያኔ የልብ ምታቸው ይብስ ይወርዳል። ጠብታውን ካየ ግን ሌላ ዓይነት ሊቀይርላቸው ይችላል።