ተራው የማን ነው?

ክረምቱ ከገባ ወዲህ የሱሉልታ ሜዳ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ከብት እንኳ ሲሻገረው ይለፋል። ቤዝቦል የሚጫወቱት ልጆች ዱላና ጓንታቸውን ሰቅለዋል። አሠልጣኞቹ ግን አልተኙም። ከመስቀል በኋላ ሜዳው ሲደርቅ የመጀመሪያውን ጨዋታ ለመቺው ኳስ እየወረወረ ማን ይክፈት፣ ማን ይከተል እያሉ ደብተር ላይ ይሞነጫጭራሉ። የላካችሁልኝ ጥያቄም አብዛኛው ስለዚሁ ነው። ባለሙያዎቹ «ሮቴሽን» ይሉታል። እኔ «ተራ» እለዋለሁ፤ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፎ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል።

«ዕድሜያቸው 13 እና 14 የሆኑ አሥራ አንድ ልጆች አሉኝ። ቅዳሜና እሁድ እንጫወታለን። አምስቱ ይወረውራሉ፤ የምተማመነው ግን በአንዱ ብቻ ነው። ሁለቱንም ቀን እሱን ባስጀምረው ምን ይለዋል?» (አሠልጣኝ፣ ከለገጣፎ)

ወዳጄ፣ እንዳያደርጉት። መጀመሪያ ቁጥሩን እንነጋገር። የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ከዩኤስኤ ቤዝቦል ጋር ሆኖ ለልጆች ያወጣው «ፒች ስማርት» የሚባል መመሪያ አለ። የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከ95 ውርወራ አያልፍም። 95 ጣሪያው ነው እንጂ የቀን ቀለቡ አይደለም። ቀጥሎ ዕረፍቱ ይመጣል። እስከ 20 የወረወረ ልጅ በማግሥቱ መመለስ ይችላል። ከ21 እስከ 35 ከሆነ አንድ ቀን ያርፋል፤ እስከ 50 ሁለት ቀን፣ እስከ 65 ሦስት ቀን። 66 ከደረሰ አራት ቀን ሙሉ ኳስ አይወረውርም።

አሁን የእርስዎን ቅዳሜና እሁድ እንየው። አንድ ኢኒንግ፣ ማለትም የጨዋታው አንድ ዙር፣ 15፣ 16 ውርወራ ይበላል ብለን እንያዝ። ቀን የከዳው ልጅ 30ም ይፈጃል፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። ሰባት ኢኒንግ ማለት 110 ገደማ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጎበዙ 60 ወርውሮ ይውጣ፤ ቀሪውን 50 ሁለተኛው ልጅ ይጨርስ። እሁድ ሦስተኛውና አራተኛው በዚያው ልክ ይካፈሉ። አምስተኛው መጠባበቂያ ነው። ቅዳሜ አንዱ ሲበላሽበት ገብቶ ከ20 ሳያልፍ ከወጣ፣ እሁድም ሊያስገቡት ይችላሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም ዐርፈው ይመጣሉ። እንግዲህ ዘብ መቆም ያለብዎ ከቅዳሜ ወደ እሁድ በምታሻግረው በዚያች አንዲት ሌሊት ላይ ነው።

ሁለት የሚረሱ ነገሮች አሉ። አንደኛው ልምምድ ነው። ረቡዕ «ትንሽ ያሟሙቅ» ተብሎ 40 ኳስ የወረወረ ልጅ ክንዱ ላይ 40 ኳስ አለ። ሁለተኛው፣ ጥሩ ክንድ ያለው ልጅ ሁልጊዜ ቀላቢም (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሱን የሚቀልብ) ይደረጋል። ቀላቢ ደግሞ የቀለበውን ኳስ ሁሉ መልሶ ይወረውራል። በአንድ ቀን ሁለቱን ሥራ ለአንድ ልጅ አይስጡ።

«የምተማመነው በአንዱ ብቻ ነው» ያሉትም ትንሽ ከንክኖኛል። አራቱ ተራ ካላገኙ እንዴት ይታመናሉ? ዕቁብ ላይ ዕጣ የወጣለት ሰው «በሚቀጥለው ሳምንትም ለእኔ ይሁን» ቢል ማን ዝም ይለዋል?

«15 ዓመቴ ነው። ጃፓናዊው ወርዋሪ ያማሞቶ በ2025 ወርልድ ሲሪስ (የሜጀር ሊግ ፍጻሜ) በተከታታይ ሁለት ቀን ወርውሮ ቡድኑን ዶጀርስን ሻምፒዮን አድርጓል። እኔ ስጠይቅ ግን አሠልጣኜ እምቢ ይላል። ለምን?» (ከሰንዳፋ)

አየኸው አይደል! እኔም አይቻለሁ፤ በበነጋው ሥራ ላይ እያንቀላፋሁ ዋልኩ። ነገሩ እውነት ነው። በስድስተኛው ጨዋታ ከቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ጋር 96 ወረወረ። በማግሥቱ በሰባተኛው ጨዋታ ገብቶ 34 ጨመረ። የተከታታዩም ኮከብ ተባለ።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። ያ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የብርዱን ወራት ሙሉ ዕረፍት ነው። ሰውየው ደግሞ ያኔ 27 ዓመቱ ነበር፣ አጥንቱ አድጎ ጨርሷል። የአንተ ገና እያደገ ነው። አሠልጣኝህ እምቢ ማለቱ ስለሚወድህ ነው፤ አትቀየመው።

«ከርቭ ኳሴ አይታጠፍም። ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ነው የምይዘው፤ ሆኖም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ምን አጠፋሁ?» (ጎረቤቴ ሳይሆን አይቀርም፣ ከሱሉልታ)

ያጠፋኸው ነገር ቢኖር ሱሉልታ መኖርህ ነው። ኳስ የሚታጠፈው እየተሽከረከረ አየሩን ስለሚገፋና አየሩም መልሶ ስለሚገፋው ነው። አየሩ ከሳሳ ግፊቱም ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ከእንጦጦ ጀርባ እኛ ጋ ደግሞ ወደ ሩብ ይጠጋል። አሜሪካኖች ወርዋሪ የሚቸገርበት ከተማ ብለው የሚያማርሩት ዴንቨር 1600 ሜትር ላይ ነው። እኛ ያንን በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ እንበልጠዋለን! የተመታ ኳስም እኛ ጋ ይርቃል። ሜክሲኮ ሲቲ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ትንሽ ያንሳል። በ2023 ሳን ዲዬጎና ሳን ፍራንሲስኮ እዚያ ሄደው ሲጫወቱ ውጤቱ 16 ለ11 ሆነ፤ በዚያ በአንድ ጨዋታ 11 ሆም ራን (አጥር የሚያልፍ ምት) ተመታ።

እና ምን ይሻላል? ቼንጅአፕ ተማር። እጅህ እንደ ፈጣን ኳስ ይሄዳል፣ ኳሱ ግን ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ መቺው ቀድሞ ይወዛወዛል። ይህ የፍጥነት ልዩነት ነው፤ አየሩ ሳሳ አልሳሳ ግድ የለውም። ተራ ለሚያወጡ አሠልጣኞችም አንድ ነገር ሹክ ልበል። ወደ አዳማ ወርዳችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ከርቭ የሚወረውረውን ልጅ ለዚያ ቀን አቆዩት። 1700 ሜትር ገደማ ላይ ኳሱ ትንሽ ይታዘዝለታል። ሱሉልታ ላይ ቀጥታ ወርዋሪው ይክፈት።

«ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ከወረወረ በኋላ ክርኑን በውስጥ በኩል ያመዋል። አባቱ ይለምደዋል ይላል። ለሚቀጥለው ዓመት ተራ ተይዞለታል፤ ላስቀረው ወይ?» (እናት፣ ከቡራዩ)

እህቴ፣ አይለምደውም። ክርን በውስጥ በኩል ሲያም ኳሱ ይቁምና ሐኪም ይየው። በዚያ ዕድሜ አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል ገና አልጠነከረም፤ ጉዳቱም መጀመሪያ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

አንዳንድ አባት «ቢበጠስ ይሰፋል» ይላል። ቶሚ ጆን የሚባለውን ቀዶ ጥገና ሰምተው ነው። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 የቶሚ ጆንን ክርን ጅማት ከሌላ ቦታ በተወሰደ ጅማት ተክቶ አድኖታል፤ ሰውየውም በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ወርውሯል። ግን ዛሬም ቢሆን ከዚያ ለመመለስ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ለልጅ የሚመኙት ነገር አይደለም።

እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ያሠለጠነኝ ሰው «ጀግና አያመውም» እያለ አራት ቀን በተከታታይ አስወርውሮኛል። ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው በፊት ትከሻዬ ይነግረኛል።

መልካሙ ነገር ክረምቱ መሆኑ ነው። ያው «ፒች ስማርት» ያልኳችሁ መመሪያ ወጣት ወርዋሪ በዓመት አራት ወር ከውድድር ውርወራ እንዲርቅ፣ ከዚያም ውስጥ ሁለት ሦስት ወር በተከታታይ ምንም እንዳይወረውር ይመክራል። ለእኛ ይህን ዝናቡ ራሱ ያስፈጽምልናል። እርስዎ ግን ሐኪሙ ካላለ በቀር መስከረም ላይም «ተራው ደርሷል» አይበሉ። ተራው ይለፈው።

«ሌሊት 8 ሰዓት ተነሥቼ ሜጀር ሊግ አያለሁ። ለምንድን ነው አምስት ወርዋሪ የሚፈራረቀው? ለምን አራት ወይም ስድስት አልሆነም?» (ከገላን)

በዓመት 162 ጨዋታ አለ፤ ያውም በየቀኑ በሚያሰኝ ሁኔታ። አምስት ሰው ሲፈራረቅ እያንዳንዱ በመካከሉ አራት ቀን ያርፋል። ድሮ አራት ነበሩ። በ1971 የባልቲሞር ኦሪዮልስ አራት ጨዋታ ከፋቾች እያንዳንዳቸው 20 እና ከዚያ በላይ ጨዋታ አሸንፈዋል። ኮሎራዶ ሮኪስ በ2012 ወደ አራት ለመመለስ ሞክሮ ነበር፤ እያንዳንዱንም በ75 ውርወራ ገደበው። ዓመቱን በ98 ሽንፈት ጨረሰ። ጥፋቱ ሁሉ የተራው ነው አልልም፤ ቡድኑም ደካማ ነበር።

ጃፓን ውስጥ ደግሞ ስድስት ናቸው፤ አንድ ወርዋሪ በሳምንት አንዴ ይወጣል። ዶጀርስም ጃፓኖቹን ወርዋሪዎች ኦታኒንና ያማሞቶን ይዞ ወደዚያው እያዘነበለ ነው። እኔን ከጠየቁኝ ስድስት ይሻላል።

«ግራኝ ወርዋሪ አለኝ። በሁለት ቀኞች መካከል ላግባው?» (ከሰበታ)

አዎ፣ መቺዎቹ ዓይናቸው እንዳይለምድ ይጠቅማል። ግን ለዚህ ብለው የማንንም ዕረፍት አይቁረጡ።

«ውርወራውን ማን ይቁጠር? እኔ እየጮህኩ መቁጠር አልቻልኩም።» (ከለገጣፎ፣ ሌላ ሰው)

እርስዎ አይቁጠሩ። ጨዋታ ያልገባች አንዲት ልጅ ደብተር ይዛ ትቀመጥ፤ በየውርወራው አንድ ጭረት። እኔ ድሮ በጠጠር ነበር የምቆጥረው። በአንድ ውርወራ አንድ ጠጠር ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ። አንድ ቀን ቀኝ ኪሴ ተቀዶ ኖሯል። ልጁ 40 ላይ ነው ብዬ ስዝናና ቀላቢው መጥቶ «ጋሼ፣ ከ70 አልፏል» አለኝ። ዞር ብዬ ሳይ ጠጠሩ እግሬ ሥር ተከምሯል።