ክልል ሳይሆኑ ራስን ማስተዳደር ይቻላል?

ወንድሜ፣ «ትንሽ ብሔረሰብ ክልል ካልሆነ ራሱን ማስተዳደር አይችልም ወይ?» ላልከው፣ በደንብ ይችላል። አማራ ክልልን ተመልከት። አዊ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የየራሳቸው የብሔረሰብ ምክር ቤት አላቸው። ከሚሴ ያለ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ይማራል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። አንዲት እናት ጉዳይ ልታስፈጽም ሄዳ በቋንቋዋ ካልተስተናገደች፣ ምክር ቤት መኖሩ ብቻውን ምን ይጠቅማታል?

ክልል መሆን ከተፈለገ ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 መንገዱን አስቀምጧል። የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ ከዚያ ሕዝበ ውሳኔ ይካሄዳል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል የሆነው እንዲህ ነው። ግን በአዲሱ ክልል ውስጥም ሌላ አናሳ ሕዝብ ይኖራል። የእሱ መብት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሕግ ይቀመጥ ባይ ነኝ።